የክሬምና የሎሽን የጀርም ቆጠራ፦ ባዶ ፕሌት እንዳያታልልዎ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

በቆዳ ክሬምና ሎሽን ላይ የሚደረግ የጀርም ቆጠራ በአብዛኛው የሚሳሳተው ብዙ ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የተባዛ የጀርም ክምችት) ሲበቅል ሳይሆን ምንም ሳይበቅል ሲቀር ነው። ክሬሙ እንዳይበላሽ የተጨመረው ፕሪዘርቫቲቭ ከናሙናው ጋር አብሮ ወደ ፕሌቱ፣ ማለትም ጀርሙ ወደሚበቅልበት ሳህን፣ ይገባና ሥራውን እዚያም ይቀጥላል። ጀርሞቹ በሕይወት አሉ፤ ግን አይበቅሉም። መርማሪው ንጹሕ ፕሌት አይቶ «አልተገኘም» ብሎ ይፈርማል፣ ክሬሙም ወደ ገበያ ይወጣል። እኔ ራሴ በአንድ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ስሠራ የአንድን የሰውነት ሎሽን ውጤት ለወራት እንዲህ ስፈርም ቆይቻለሁ። ከዚያ አንድ ደንበኛ ክዳኑ ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ ብልቃጥ መለሰ። ያው ሎሽን ላይ ሆን ብዬ ባክቴሪያ ጨምሬ በለመድኩት አሠራር ብመረምረው ፕሌቱ አሁንም ባዶ ሆነ።

ይህ መመሪያ ውኃና ዘይት የተዋሐዱበትን ክሬም ወይም ሎሽን በአነስተኛ የጥራት መቆጣጠሪያ ላቦራቶሪ ለሚመረምር ባለሙያ የተዘጋጀ ነው። አካሄዱ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) መመዘኛዎች፣ ማለትም ለባክቴሪያ ቆጠራ በአይኤስኦ 21149፣ ለእርሾና ለሻጋታ በአይኤስኦ 16212፣ ለገደቦቹ ደግሞ በአይኤስኦ 17516 ላይ የተመሠረተ ነው።

ደረጃ 1፦ ፎርሙላውን ሳያነቡ ናሙና አይክፈቱ

አምራቹ የተጠቀመበትን ፕሪዘርቫቲቭ በስሙና በመጠኑ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ምርቱ ከውጭ የገባ ከሆነ ከብልቃጡ መለያ ላይ ያንብቡ። ይህን የሚጠይቁት ፕሪዘርቫቲቩን የሚያከሽፈው ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኒውትራላይዘሩ፣ እንደ ፕሪዘርቫቲቩ ዓይነት ስለሚለያይ ነው።

ፓራቤንና ፊኖክሲኢታኖል በፖሊሶርቤት 80 እና በሌሲቲን ይከሽፋሉ። ፎርማልዴሃይድ የሚለቁት ሂስቲዲን ወይም ግላይሲን ይፈልጋሉ። አይሶቲያዞሊኖን የሚባሉት ደግሞ ሰልፈር ያላቸውን እንደ ሶዲየም ባይሰልፋይት ወይም ሶዲየም ቲዮግላይኮሌት ያሉ ውህዶች ይሻሉ። ፎርሙላውን ማግኘት ካልቻሉ በአንድ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 30 ግራም ፖሊሶርቤት 80፣ 3 ግራም ሌሲቲን፣ 5 ግራም ሶዲየም ቲዮሰልፌት እና 1 ግራም ሂስቲዲን ባለው ድብልቅ ይጀምሩ፤ ይሁንና ድብልቁ መሥራቱን በደረጃ 5 ሳያረጋግጡ አይመኑት።

ጥንቃቄ፦ ሌሲቲን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከተጨመረ ጓጉሎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀዱት ፈሳሽ ኒውትራላይዘር የሌለው ይሆናል። መጀመሪያ ሌሲቲኑን በሞቀ ፖሊሶርቤት ውስጥ ያሟሙት፣ ከዚያ እያማሰሉ ወደ ትኩስ ውኃ ቀስ በቀስ ይጨምሩት።

ደረጃ 2፦ ሚዲያውን ያዘጋጁ፣ የአውቶክሌቩን የግፊት መለኪያ ግን አይመኑ

ሚዲያ ማለት ጀርም የሚበቅልበት ምግብ ነው፤ አጋር ደግሞ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ዓይነት ነው። ለባክቴሪያ የሶያቢን ኬዚን ዳይጀስት አጋር፣ ለእርሾና ለሻጋታ ክሎራምፌኒኮል ያለበት ሳቡሮ ዴክስትሮዝ አጋር በአምራቹ መመሪያ መሠረት ያዘጋጁና በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት በሚያመክነው መሣሪያ) በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ15 ደቂቃ ያምክኑ።

እዚህ ላይ ከፍታ ቦታ የሚሠሩ ሰዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) 121 ዲግሪ ይሰጣል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ያው 15 ፒኤስአይ የሚሰጠው 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። 121 ዲግሪ ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። ስለዚህ በግፊት ብቻ የሚሠራ አውቶክሌቭ ካለዎት፦

1. የሙቀት መጠኑን ከውስጥ በቴርሞሜትር ወይም በዳታ ሎገር ይለኩ።
2. በየጊዜው የስፖር አምፑል (ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ስፖር የያዘ መፈተሻ) ከሚዲያው ጋር አስገብተው መምከኑን ያረጋግጡ። የአውቶክሌቭ ቴፕ መጥቆሩ ዕቃው መሞቁን እንጂ መምከኑን አያሳይም።
3. የአውቶክሌቩ አምራች የፈቀደው ከፍተኛ ግፊት የማይበቃ ከሆነ ግፊቱን በጉልበት አይጨምሩ። በ117 ዲግሪ ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ ያራዝሙና ያንኑ በስፖር አምፑል ያረጋግጡ። ሚዲያው ከመጠን በላይ ከጠቆረ ይጣሉት።

በዚሁ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የቀዘቀዘን አጋር እንደገና ማቅለጥ ከሚጠብቁት በላይ ጊዜ ይወስዳል። ሳይቀልጥ የቀረ ጓል ፕሌቱ ላይ ኮሎኒ መስሎ ይታያል።

ደረጃ 3፦ ናሙናውን ይውሰዱ

ከአንድ ባች (በአንድ ዙር ከተመረተ ክሬም) ከአሞላሉ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያልተከፈቱ ብልቃጦች ይምረጡ። ጀርም የሚገባው ብዙውን ጊዜ በመሙያ መሣሪያው ቱቦ በኩል ስለሆነ መጀመሪያ የተሞሉት ብልቃጦች ከሌሎቹ የበለጠ ይናገራሉ። ናሙናዎቹን በክፍል ሙቀት ያቆዩ፤ ፍሪጅ ውስጥም ኢንኩቤተር ውስጥም አያስቀምጧቸው።

ብልቃጡን ከመክፈትዎ በፊት ክዳኑንና አንገቱን በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉና እስኪደርቅ ይጠብቁ። እርጥብ አልኮል ወደ ክሬሙ ከገባ ውጤትዎን ራሱ ይገድለዋል። መመዘኛው 1 ግራም እንዲሆን ይፈቅዳል፤ እኔ ግን 10 ግራም እንዲወስዱ እመክራለሁ፤ ጀርም በክሬም ውስጥ እኩል ተበትኖ አይገኝምና።

ደረጃ 4፦ ፒኤች ይለኩ

ክሬሙን አንድ ለዘጠኝ በተጣራ ውኃ በትነው በ4.01 እና በ7.00 መፍትሔ በተስተካከለ ሜትር በ25 ዲግሪ ይለኩ። ሥራው አጭር ነው፤ ግን ሊዘለል አይገባም። ለምሳሌ ሶዲየም ቤንዞኤት ከፒኤች 5 በታች ካልሆነ በደንብ አይሠራም፤ ቤንዞኤት የተጨመረበት ክሬም 6.5 ካሳየዎት ገና ፕሌት ሳያፈሱ ክሬሙ መከላከያ እንደሌለው አወቁ ማለት ነው። ንባቡ እየዋለለ አልረጋ ካለ ችግሩ በአብዛኛው ኤሌክትሮዱ ላይ የተለጠፈ ዘይት ነው። በለስላሳ ሳሙና ያጥቡት፣ በውኃ ያለቅልቁት፣ ከዚያም በማስቀመጫ ፈሳሹ ውስጥ ዘፍዝፈው እንደገና ያስተካክሉት።

ደረጃ 5፦ ኒውትራላይዘሩ መሥራቱን ያረጋግጡ

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ፎርሙላ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ፎርሙላው ወይም የፕሪዘርቫቲቩ መጠን በተቀየረ ቁጥር ደግሞ እንደገና ይሠራል።

ለባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ኤቲሲሲ 6538 እና ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ኤቲሲሲ 9027፣ ለእርሾ ካንዲዳ አልቢካንስ ኤቲሲሲ 10231 ይጠቀሙ (ኤቲሲሲ የማመሳከሪያ ጀርሞች ክምችት መለያ ነው)። ከእያንዳንዱ በአንድ ሚሊ ሊትር 5,000 ያህል ሕያው ጀርም ያለበት ፈሳሽ ያዘጋጁና እንደሚከተለው ይቀጥሉ፦

1. ሦስት ቱቦዎች ያዘጋጁ። «ሀ» 1 ግራም ክሬምና 9 ሚሊ ሊትር ኒውትራላይዘር ይይዛል። «ለ» 10 ሚሊ ሊትር ኒውትራላይዘር ብቻ ይይዛል። «ሐ» 10 ሚሊ ሊትር ተራ ማቅጠኛ ፈሳሽ ብቻ ይይዛል።
2. ክሬሙ እስኪበተን ድረስ «ሀ»ን በብርጭቆ ዶቃና በቮርቴክስ ያማስሉ። ግድግዳው ላይ ነጭ ክር መስሎ የሚቀር ነገር ካለ አልተበተነም።
3. በእያንዳንዱ ቱቦ 0.1 ሚሊ ሊትር የጀርሙን ፈሳሽ ይጨምሩ። አሁን በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 50 ያህል ጀርም አለ።
4. በእውነተኛው ምርመራ ናሙናው ኒውትራላይዘር ውስጥ የሚቆይበትን ያህል ይጠብቁ፤ ጊዜውን አያሳጥሩ።
5. ከእያንዳንዱ ቱቦ 1 ሚሊ ሊትር በሁለት ሁለት ፕሌት ያፍሱ፣ ያሳድጉና ይቁጠሩ።

ንባቡ እንዲህ ነው። «ለ» ፕሌት 52፣ «ሀ» ደግሞ 47 ካሳየ ክሬሙ በበቂ ከሽፏል። «ለ» 52 ሆኖ «ሀ» 19 ካሳየ ግን ከማነጻጸሪያው 50 በመቶ በታች ስለሆነ አልከሸፈም፤ በዚህ አሠራር የሚወጣ ማንኛውም «አልተገኘም» ዋጋ የለውም። «ለ» ከ«ሐ» በጣም ካነሰ ደግሞ ጀርሙን እየገደለ ያለው ክሬሙ ሳይሆን ኒውትራላይዘሩ ራሱ ነው፤ መጠኑን ይቀንሱ ወይም ይቀይሩ።

«ሀ» ከወደቀ፦

ቀድመው ኒውትራላይዘሩን ከፕሪዘርቫቲቩ ጋር ያስተያዩ፣ የጎደለውን ይጨምሩና ይድገሙ። ካልሠራ ናሙናውን አንድ ለመቶ ያቅጥኑ፤ ብዙ ፕሪዘርቫቲቮች በመቅጠን ብቻ ይዳከማሉ። ይህ ግን ዋጋ አለው፦ ሊያዩት የሚችሉት ዝቅተኛ ቁጥር በግራም ከ10 ወደ 100 ከፍ ይላል፤ ለሕፃናት ክሬም ደግሞ 100 ራሱ ገደቡ ነው። በዚህ ጊዜ ናሙናውን በ0.45 ማይክሮሜትር ሜምብሬን አጣርተው በኒውትራላይዘር ማጠብ ይሻላል። ክሬም ማጣሪያውን ስለሚደፍነው አስቀድመው ፖሊሶርቤት ባለበት ማቅጠኛ ውስጥ ከ40 ዲግሪ ሳያሳልፉ ያሙቁት።

ለማስታወስ ያህል፦ ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ይዘው በደረጃ 1 ያለው ድብልቅ ካላከሸፈው ሜርኩሪን ይጠርጥሩ። ሜርኩሪ ጀርም ገዳይ ስለሆነ እንዲህ ያለው ክሬም በጀርም ቆጠራ ከሁሉም ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። መለያው ላይ «ካሎሜል» ወይም «መርኩሪዮ» የሚሉ ቃላት ካሉ ጥርጣሬው የበለጠ ነው። ስለ ሜርኩሪ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ከ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) በላይ ሜርኩሪ ያለበት የውበት ምርት እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ ተከልክሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በተላለፈው ውሳኔ ደግሞ ገደቡ ተነሥቶ ሜርኩሪ የተጨመረበት ማንኛውም የውበት ምርት እ.ኤ.አ. ከ2025 በኋላ እንዲከለከል ሆኗል። ናሙናውን በቀዝቃዛ ትነት አቶሚክ አብዞርፕሽን ወይም በአይሲፒ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ለሚመረምር ላቦራቶሪ ይላኩ። ክፍት ዕቃ ውስጥ በአሲድ አያፍሉት፤ ሜርኩሪው ተንኖ ከናሙናው ይጠፋል፣ ወደ ሳንባዎም ይገባል።

ደረጃ 6፦ ያቅጥኑና ያፍሱ

1. 10 ግራም ክሬም በ90 ሚሊ ሊትር ኒውትራላይዘር ውስጥ ይበትኑ። ይህ አንድ ለአሥር ማቅጠን ነው።
2. ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር ወስደው ወደ 9 ሚሊ ሊትር ኒውትራላይዘር በመጨመር አንድ ለመቶ ያዘጋጁ። በየመካከሉ ፒፔት ይቀይሩ።
3. ከእያንዳንዱ ማቅጠን 1 ሚሊ ሊትር በሁለት ፕሌት ያስገቡና ከ48 ዲግሪ ያልበለጠ አጋር ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ያፍሱ። የአጋሩን ሙቀት በጉንጭ ወይም በእጅ አንጓ መገመት ልማድ ቢሆንም አይጠቀሙበት፤ ከሌሎቹ ጎን ባስቀመጡት የአጋር ጠርሙስ ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር። የተቃጠለ ባክቴሪያም ባዶ ፕሌት ይሰጣል።
4. ፕሌቱን ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ በቀስታ እያዞሩ ያደባልቁ፣ ሲረጋ ይገልብጡት።
5. አንድ ፕሌት አጋርና ማቅጠኛ ብቻ ይዞ ይሂድ። ሌላ አንድ ናሙና ያለበት ፕሌት ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ።

የፍሪጁ ፕሌት ጥቅም ቆጠራ ቀን ይታያል። የሺያ ቅቤ ያለበት ክሬምም ሆነ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ አጋሩ ውስጥ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ጀማሪ ቆጣሪ ነጠብጣቡን ሁሉ ኮሎኒ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለቱን ፕሌቶች ጎን ለጎን ሲይዟቸው በፍሪጁም ላይ ያለው ነጠብጣብ የክሬሙ ቅሪት፣ በኢንኩቤተሩ ላይ ብቻ ያለው ኮሎኒ ነው።

ደረጃ 7፦ ያሳድጉ፣ መብራት ሲጠፋም ይመዝግቡ

የባክቴሪያውን ፕሌት በ32.5 ዲግሪ፣ ሁለት ተኩል ዲግሪ ከፍና ዝቅ ሊል በሚችልበት ወሰን፣ ለ72 ሰዓት ያቆዩ፤ ስድስት ሰዓት መቅደምና መዘግየት ይፈቀዳል። የእርሾና የሻጋታውን በ25 ዲግሪ ከ3 እስከ 5 ቀን ያቆዩ። ፕሌቶቹን ከስድስት በላይ አይደራርቡ፤ የመካከለኞቹ ሙቀት ይዘገያል።

መብራት የሚቆራረጥበት አካባቢ ከሆኑ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ውኃ የሞሉ ጠርሙሶች ይደርድሩ፤ ሙቀቱን ለተወሰነ ጊዜ ይይዛሉ። ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ከውስጥ ይኑር። ጠዋት ሲገቡ ዝቅተኛው ከ30 በታች ወርዶ ካገኙ ሰዓቱንና መጠኑን ይጻፉ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቀዘቀዘ ካላወቁ ውጤቱን አይልቀቁ፤ ናሙናውን እንደገና ያስገቡ።

ደረጃ 8፦ ይቁጠሩ፣ ያስሉ

ለባክቴሪያ ከ30 እስከ 300፣ ለእርሾና ለሻጋታ ከ15 እስከ 150 ኮሎኒ ያለባቸውን ፕሌቶች ይምረጡ። ለምሳሌ ከአንድ ለአሥር ማቅጠን ሁለቱ የባክቴሪያ ፕሌቶች 62 እና 54 ከቆጠሩ አማካዩ 58 ነው፤ በ10 ሲባዛ በግራም 580 ይሆናል። እርሾው 4 እና 6 ከሆነ አማካዩ 5፣ በ10 ሲባዛ 50 ይሆናል፤ ከ15 በታች ስለሆነ «ግምታዊ» ብለው ይጻፉ። ድምሩ 630 ነው።

ገደቡ ለተለመደ ምርት በግራም 1,000፣ ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት፣ ለዓይን አካባቢና እንደ አፍ ውስጥ ላለ ስስ ሽፋን ለሚውል ምርት 100 ነው። ስለዚህ ያው 630 ለአዋቂ የእጅ ክሬም ያልፋል፣ ለሕፃን ክሬም ይወድቃል። መመዘኛው የቆጠራውን መዋዠቅ ታሳቢ አድርጎ 1,000 የተባለው ከ2,000፣ 100 የተባለው ከ200 ሲበልጥ እንደታለፈ ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን ይህን ስፋት የራስዎን ምርት ለማሳለፍ አይጠቀሙበት። ትላንት ተሞልቶ ዛሬ 900 የሚያሳይ ክሬም በወረቀት ቢያልፍም የታመመ ማምረቻ ልጅ ነው።

ምንም ካልበቀለ «ዜሮ» ብለው አይጻፉ፤ «በግራም ከ10 በታች» ይበሉ።

ደረጃ 9፦ አራቱን ጀርሞች ይፈልጉ

ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም በ1 ግራም ውስጥ ኢ. ኮላይ፣ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስና ካንዲዳ አልቢካንስ መገኘት የለባቸውም። 1 ግራም ክሬም ኒውትራላይዘር ባለበት ማበልጸጊያ ብሮዝ (ፈሳሽ ሚዲያ) ውስጥ በ32.5 ዲግሪ ቢያንስ ለ20 ሰዓት ያቆዩ፣ ከዚያ በሉፕ ወደ ልዩ አጋሮች ይዝሩ። በሴትሪማይድ አጋር ላይ አረንጓዴ ቀለም የሚለቅ ሱዶሞናስን፣ በቤርድ ፓርከር ላይ ዙሪያው የጠራ ጥቁር አንጸባራቂ ኮሎኒ ስታፊሎኮከስን፣ በማኮንኪ ላይ ጡብ የመሰለ ቀይ ኢ. ኮላይን፣ በሳቡሮ ላይ ክሬም መሳይ ነጭ ካንዲዳን ያስጠረጥራሉ። ይህ ጥርጣሬ ብቻ ነው፤ በኦክሲዴዝ፣ በኮአጉሌዝ፣ በኢንዶልና በጀርም ቱዩብ ምርመራ ያረጋግጡ።

ብሮዙ ክሬሙ ራሱ ስላደፈረሰው ብቻ «በቅሏል» ወይም «አልበቀለም» ብለው በዓይን አይፍረዱ፤ ሁሉንም ይዝሩ።

ደረጃ 10፦ ባቹ ሲወድቅ

መጀመሪያ የራስዎን ላቦራቶሪ ይጠይቁ፦ ማነጻጸሪያው ፕሌት ንጹሕ ነበርን? የአውቶክሌቩ መዝገብ ምን ይላል? ስሕተት ካገኙ ጽፈው ይድገሙ። ስሕተት ካላገኙ ግን እስኪያልፍ ድረስ ደጋግሞ መመርመር የተከለከለ ነው፤ የመጀመሪያው ውጤት ይጸናል፣ ባቹም ይታገዳል።

ከዚያ የተገኘው ጀርም ወዴት እንደሚመራዎ ይመልከቱ። ሱዶሞናስ ከሆነ በቀጥታ ወደ ውኃው ይሂዱ፤ የውኃ ማጣሪያው ሬዚን፣ ማጠራቀሚያውና ሌሊቱን ውኃ ተኝቶበት የሚያድር የጎማ ቱቦ የታወቁ መኖሪያዎቹ ናቸው። ስፖር ሠሪ ባሲለስ ከሆነ እንደ ዕፅዋት ዱቄትና ሸክላ ያሉ ጥሬ ዕቃዎችን ይመርምሩ። ስታፊሎኮከስ ከሆነ የሠራተኛ እጅና አሞላል ላይ ያተኩሩ። ምንጩን ሳያገኙ ፕሪዘርቫቲቩን መጨመር ችግሩን እስከሚቀጥለው ባች ብቻ ይደብቀዋል፤ ፊኖክሲኢታኖልን የመሳሰሉት ደግሞ በአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ ማለፍ አይችሉም።

ምንጩ ከተዘጋ በኋላ ፎርሙላው ራሱን መከላከል መቻሉን በአይኤስኦ 11930 ይፈትሹ። በግራም ከ100,000 እስከ 1,000,000 ባክቴሪያ ሆን ብለው ይጨምሩበትና በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ይቁጠሩ። በጥብቁ መስፈርት ባክቴሪያው በ7ኛው ቀን ቢያንስ ሺህ እጥፍ ቀንሶ ከዚያ በኋላ መልሶ ማደግ የለበትም። በእነዚህ ቀናት የሚያፈሷቸው ፕሌቶችም ኒውትራላይዘር ይፈልጋሉ፤ በደረጃ 5 ያለፈውን ይጠቀሙ። ከታገደው ባች ሦስት ብልቃጥ ታሽጎ፣ ቀንና የባች ቁጥር ተጽፎበት እስከ ምርቱ ማብቂያ ቀን ይቀመጥ፤ በኢትዮጵያ የውበት ምርቶች በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ስለሆኑ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከወረቀቱ ጋር የሚያቀርቡት ይህንኑ ነው።